የደረቁ ክፍል ሁለት በሮች

«ኢማ፣ አዛካ ቢጮህ ከደረቁ ክፍል መጀመሪያ የሚወጣው ማን ነው?»

ልጄ ራቪት ይህን የጠየቀችኝ ወደ ፋብሪካው በሚወስደን አውቶቡስ ላይ ነው። አዛካ የሚሉት ሮኬት ሲተኮስ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ ነው። «እኔ እንጃ» አልኳት።

የባትሪ ፋብሪካው ለዓመታት ተዘግቶ ነበር፤ ከውጭ መግዛት ይረክሳል ተብሎ። መርከቦች መዘግየት ሲጀምሩ እንደገና ተከፈተ። ሙያው ግን በሽማግሌዎች እጅ ብቻ ስለቀረ አባባ አምባውን ከጡረታ ጠሯቸው። ራቪትን የሚያስተምሯት እሳቸው ናቸው። እኔ ኮሪደሩን አጸዳለሁ።

ባትሪው የሚሠራበት ሊቲየም የሚባለው ስስ ብረት አሁንም የሚመጣው ከውጭ ነው። እርጥበት ከነካው ይበላሻል፤ የሰው ትንፋሽ እንኳ ይጎዳዋል። ስለዚህ ደረቁ ክፍል ሁለት በሮች አሉት፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። በመካከላቸው ያለው ጠባብ ቦታ ከሁለት ሰው በላይ አይይዝም። ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ ሦስት ናቸው፤ ራቪት፣ አባባ አምባውና አለቃቸው ኦፊር።

በእኛ ወግ በበር የሚቀድመው ታላቅ ነው። ለምሳ ሲወጡ ሁልጊዜ ክርክር ነበር።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ አባባ።»

«ኧረ በሞቴ፣ ቅደሚ! ርቦሻል።»

«በሞቴ አይበሉብኝ!»

«እናንተ እስክትስማሙ ምሳው እራት ይሆናል» እያለ ኦፊር ይስቅባቸዋል።

በዚያ ሳምንት የቀረን አንድ ጥቅል ሊቲየም ብቻ ነበር። ቀጣዩን የጫነው መርከብ ወደብ አልደረሰም። ኦፊር ሰብስቦን፣ «ከዚህ ጥቅል የሚወጣውን ባትሪ ገዢው ካላየ ሥራው ይቆማል» አለን።

ጥቅሉ ማሽኑ ላይ ተዘርግቶ ሳለ አዛካው ጮኸ።

ከኮሪደሩ በመስታወቱ አየኋቸው። ራቪት አባባን ትገፋለች፤ እሳቸው እሷን ይስባሉ። ኦፊር የአባባን ክንድ ይዞ ከእሳቸው ጋር ወደ ጠባቡ ቦታ ገባ። የውስጡ በር ተዘጋ። ልጄ ወዲያ ቀረች።

«ልጅቷ! ልጅቷ!» እያሉ አባባ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ለእሷ እስኪከፈት የመካከሉ አየር እንደገና መድረቅ ነበረበት።

ከበሩ አጠገብ ቀይ እጀታ አለ። የተጻፈበትን ዕብራይስጥ ከዚያ በፊት ፊደል በፊደል አንብቤው ነበር፤ «ለነፍስ አደጋ ብቻ» ይላል። ሲጎተት ሁለቱም በሮች አንድ ላይ ይከፈታሉ፤ እርጥቡ አየርም ይገባል። እጄን እጀታው ላይ ሳደርግ ራቪት ራሷን ነቀነቀችብኝ። በጣቷ ጥቅሉን አሳየችኝ።

«ሙሉመቤት፣ ትንሽ ጠብቂ!» አለ ኦፊር።

ጎተትኩት።

መጠለያው ውስጥ ልጄ አጠገቤ አልተቀመጠችም። ፍንዳታው ከሩቅ ተሰማ። ስንመለስ ያ ብር የመሰለ ብረት ጠቁሯል።

«ጥቂት ብትጠብቂ በራሱ ይከፈትልኝ ነበር» አለች ራቪት።

«እስከዚያ ሮኬቱ ቢወድቅብሽስ?»

«አልወደቀም፣ ኢማ።»

አባባ አምባው ጥቅሉን እያዩ፣ «እኔም ብሆን እጎትተው ነበር» አሉ። ኦፊር የጠቆረውን ጥቅል ከማሽኑ ላይ አወረደ።

መርከቡ ሲደርስ ገዢው ባትሪውን ከውጭ ገዝቶ ጨርሶ ነበር። ደረቁ ክፍል ተቆለፈ። ዛሬ ራቪት መጀመሪያ የሚወጣው ማን ነው ብትለኝ መልሱን አውቀዋለሁ፤ እሷ ግን ደግማ አልጠየቀችኝም።

ኦፊር ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ራቪት ሰሜን ያለ ፋብሪካ ቀጥሯት በባቡር ሄደች። አባባ አምባው ሌላ መርከብ ይመጣል እያሉ ቀሩ። እኔም ኮሪደሩን እያጸዳሁ ቀረሁ።