ካርቶኑን አደራ

«ብሎን» ያሏት የወደቀ ብሎን ስለምትለቅም ነው። የተሻለ ስም ያወጣላት ደግ ሰው አልተገኘም። በዓመቱ አጋማሽ የመጣች አዲስ ተማሪ ናት፤ እናቷ ነርስ ስለሆነች ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት የተቆለፈ በር ነው። ስለዚህ ሦስት የክፍሏ ልጆች ለውድድር ሮቦት ሲሠሩ፣ ማንም ነይ ሳይላት ሄዳ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሂጂ ያላትም የለም።

ሥራዋ ሸራ መያዝ ነበር። ሮቦቱ የሚሄደው ነጭ ሸራ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፕላስተር ተከትሎ ነው፤ መስመሩን የሚያይባት ትንሽ ዓይን ሆዱ ሥር አለችው። ታዲያ የሸራው አንድ ጥግ እየተጠቀለለ ሲያስቸግር፣ ብሎን ሁለት ወር ሙሉ ለክፍላቸው መስኮት ጀርባዋን ሰጥታ እዚያ ጥግ ላይ ተንበረከከች። ጉልበቷ አለቀ። ግን ደስ ይላት ነበር። «ያዢው» የሚላት ሰው አግኝታለች፤ ቀላል ነገር መሰላችሁ?

የውድድሩ ቀን ዳኛዋ በመወዳደሪያው ቦታ ዙሪያ ገመድ ዘረጋችና «ከገመዱ ውስጥ ሦስት ተማሪ ብቻ» አለች። ከሦስቱ አንዱ፣ «ኢንጂነሩ» የሚሉት አለቃቸው፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት «አንቺ እዚያ ሆነሽ ታጨበጭቢልናለሽ» አላት። ይዘውት የመጡት ሸራ ጥግ ላይ በእሷ ፋንታ ሁለት መጽሐፍ ጫኑ። አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ግን ማን አይቷት ታለቅሳለች?

የተፈቀደው ሦስት ሙከራ ነው። በመጀመሪያው ሮቦቱ ሽው ብሎ ሄደና ጥጉ ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ መስመሩን ስቶ ወጣ። በሁለተኛውም እዚያው። ኢንጂነሩ ላብ በላብ ሆነ። «ትናንት ደህና አልነበር እንዴ! ምን ነካው?» እያለ ጎማውን ይነካካል። ጎማው ምን አደረገው?

ብሎን ግን ገባት። መታጠፊያው ላይ ፕላስተሩ ከላይ በተሰቀለው አምፖል ያብለጨልጫል፤ ሲያብለጨልጭ ደግሞ ለሮቦቱ ዓይን ጥቁር መሆኑ ይጠፋል። ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አብለጭልጮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የእሷ ጥላ ያርፍበት ነበራ!

ገመዱ ድረስ ሮጠች። «ጥላዬ ነው የጎደለው! እኔ ስከልለው ነው መስመሩን የሚያየው። ልግባ?»

«ሦስት ብቻ» አለች ዳኛዋ። «እሷ ከገባች አንዳችሁ ውጡ።»

ኢንጂነሩ ጓደኞቹን አየ። አንዱ ጎንበስ ብሎ የታሰረ የጫማ ክሩን ማሰር ጀመረ። ሌላው ሮቦቱን እቅፍ አደረገ። ኢንጂነሩ ራሱ ንቅንቅ አላለም። ብሎን ጠበቀች። ዝም ብላ ብትመለስ ማን ይፈርድባታል? እኔ ብሆን እመለስ ነበር።

እሷ ግን ሮቦቱ የመጣበትን ካርቶን ከመሬት አንስታ በትከሻዋ ልክ ቀደደችው። «ይሄን እኔ የምንበረከክበት ጥግ ላይ አቁሙት» አለች፣ ከገመዱ በላይ እያቀበለች።

በሦስተኛው ሙከራ ሮቦቱ መታጠፊያውን ልክ ክፍላቸው ውስጥ እንደሚዞረው ዞረና እስከ መጨረሻው ሄደ። አሸነፉ፤ ወደ ቀጣዩ ዙር አለፉ። ሦስቱ ልጆች ተቃቀፉ፣ ጮኹ፣ ፎቶ ተነሱ። ብሎንም አጨበጨበች፤ ምን ታድርግ፣ የተሰጣት ሥራ ነው።

ሰው ሲበተን በሩ ጋ ቆማ ጠበቀቻቸው። ኢንጂነሩ ሮቦቱን ታቅፎ አጠገቧ ሲደርስ ድንገት ቆም አለ። ብሎን ፈገግ ብላ ቀና አለች። እሱ ግን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወደ ጓደኞቹ ጮኸ፤

«ካርቶኑን አደራ! ለቀጣዩ ዙር ያለ እሱ የትም አንደርስም!»