የሩብ ዓመቱ ሦስት ፕላኔቶች

በሩብ ዓመት ውስጥ ስንት ፕላኔት እንደሚያገኝ በዕቅድ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ከእኛ ሌላ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። እኔ የጻፍኩት እንዲህ አይልም ነበር። የተመደቡልንን ኮከቦች እንከታተላለን፣ ልኬቱን እናጣራለን፣ ውጤቱን ለአጋሮቻችን እናሳውቃለን ነው ያልኩት። የሥራ ሂደቱ ባለቤት አቶ በላይነህ መገናኛ ወዳለው ቢሯቸው አስጠሩኝና ይህ አይለካም አሉኝ። ግብ በቁጥር ነው የሚቀመጠው ብለው የእኔን ሰረዙና "ሦስት ፕላኔት ማግኘት" ብለው ጻፉበት። ሰማዩ የእኛን ዕቅድ አያውቅም ብላቸው የአመለካከት ችግር እንዳለብኝ ነገሩኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በሩቅ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት በእኛ መሣሪያ አትታይም። የሚታየው የኮከቡ ብርሃን ነው። ፕላኔቷ በፊቱ ስታልፍ ብርሃኑ ቅንጣት ያህል ይቀንሳል፤ የመንገድ መብራት ላይ ትንኝ እንዳረፈችበት በሉት። ዞራ ስትመጣ ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጣጣው፣ ሁለት ኮከቦች እርስ በርስ ሲዞሩም ይህንኑ ማድረጋቸው ነው። ደማቁ ሲጋረድ ብርሃኑ ብዙ ይወርዳል፣ ፈዛዛው ሲጋረድ ትንሽ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቀነሰ ተብሎ አይጨፈርም። ደግሞ ደጋግሞ ይታያል፣ እኩል መሆኑ ይለካል።

ቴሌስኮፓችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ጣሪያዋ በእጅ በሚገፋ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበረች። ትንሽ ናት። ግን በየአገሩ እንደሷ ካሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ጋር እንሠራ ነበር፤ አንዱ ጋ ሲነጋ ሌላው ይቀጥላል፣ አንዱ ያየውን ሌላው ያጣራል። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ያለን ሀብት መታመን ብቻ ነው። አዲስ አበባ "አይደለም" ካለች አይደለም፣ "ነው" ካለች ደግሞ ነው።

በ2009 መግቢያ ላይ በእጄ ሁለት ጉዳዮች ነበሩ። አንደኛው ፕላኔት ያልሆነው ነው። ብርሃኑ መጀመሪያ ብዙ ወረደ፣ ቀጥሎ ትንሽ፣ ቀጥሎ እንደገና ብዙ። ጥንድ ኮከቦች መሆናቸው ስለለየለት ይህ ይሰረዝ ብዬ ለአጋሮቻችን ጻፍኩ። ግራፉን ደግሞ አዲስ ሠራተኞች ልዩነቱን እንዲማሩበት ብዬ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ሁለተኛው ጉዳይ እውነተኛው ነበር። በጣም ስስ፣ በመጣ ቁጥር ግን እኩል። ከጣቢያዎቹ ሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ለሌሎቹ ላክሁላቸው፤ እነሱም አይተውት እያጣሩ ነበር። ግኝቱን የሚያበስረው የጋራ ጽሑፍ ሲወጣ ያቺ የቆርቆሮ ቤት ስሟ ይሰፍራል፣ የእኔም ከሥሩ። ከዚያ መሥሪያ ቤት የፈለግሁት ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በታክሲው ሬዲዮ የመሥሪያ ቤታችን ስም ሲጠራ ሰማሁ። በአገር ልጆች ጥረት ሦስት ፕላኔቶች ተገኙ ይላል። ሦስት! ቢሮ ስደርስ ግድግዳው ላይ የቀረው ማጣበቂያው ብቻ ነው። አቶ በላይነህ ግራፉን አስነቅለው ወስደው ብርሃኑ የወረደበትን ቦታ ቆጥረውታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳካ።

ወረቀቱን ፈልቅቆ የሰጣቸው ገመቺስ ነበር። አብሮኝ ቴሌስኮፑ ላይ የሚሠራ፣ ጣሪያውን አብሮኝ የሚገፋ ሰው ነው፤ ከማንም በላይ ያውቃል። ምን ነካህ ብዬ ብጠይቀው፣ አለቃ አምጣ ሲል ምን ላድርግ አለኝ። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ገና ቁልፍ ያልተረከበ ሰው ስለሆነ መፍራቱ ይገባኝ ነበር። ቢገባኝም ንዴቴን አላበረደልኝም።

እሑድ ደግሞ የባሰ መጣ። አባቴ ፈዬራ ድሮ ያርሰው የነበረው መሬት ዛሬ መንደር ሆኖ እሱ የመጋዘን ጠባቂ ነው፤ ለብዙ ዓመት የሚደሰትበት ነገር አጥቶ ነበር የኖረው። ሬዲዮውን ሰምቶ ለጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ነግሯቸዋል። ከመድረክ ስሜን ጠርተው አስነሱኝና ጉባኤው ሁሉ ስለ ሦስቱ ፕላኔቶች ጌታን አመሰገነ። አባቴ እንባውን በጋቢው ይጠርጋል። ፊቴ እየነደደ ቆምኩ። የሌለ ነገር ነው ብዬ የነገርኩት ቤት ከገባን በኋላ ነው። ጋቢውን እያጣጠፈ፣ "ታዲያ አስተካክሉ በያቸው እንጂ" አለኝ።

አልኳቸው። አቶ በላይነህ አገር በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ እያለች የሕዝብን ተስፋ አላጨልምም ብለው ጉዳዩን ወደ ግምገማ መሩት። ጥልቅ ተሃድሶ የሚባልበት ወቅት ነው። ወንበር በክብ ተደረደረ፤ መጀመሪያ ግለ ሂስ አቅርቢ ተባልኩ። ጥፋቴ ግራፍ መለጠፌ ነው አልኩ። ከዚያ ሌሎቹ ወረዱብኝ። ኪራይ ሰብሳቢ ናት ተባለ። ስሜ ሎሚ ፈዬራ፣ የኦሮሞ ስም፣ ስለሆነ ደግሞ የብሔር ጠባብነት ይታይባታል ተባለ። እዚህ ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚጓዝ ብርሃን የምለካ ሰው ጠባብ ተባልኩ። ገመቺስ ተራው ሲደርስ ሎሚ ጎበዝ ናት፣ ነገር ግን የቡድን ስሜት ይጎድላታል አለና ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ከአጋሮቻችን ደብዳቤ መጣ። በትሕትና ነው የጻፉት። እኛ ዘንድ ጥንድ ኮከቦች ናቸው ብላችሁ፣ አገራችሁ ውስጥ ሦስት ፕላኔት ብላችሁ አውጃችኋል፤ የትኛውን እንመን? ኃላፊያችሁ ፈርሞ ማስተካከያ እስኪልክልን ድረስ የጣቢያችሁን ልኬት በጽሑፋችን ልንጠቀም አንችልም ይላል። ማስተካከያውን አርቅቄ አቶ በላይነህ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አልፈረሙም። እየተመላለስኩ ለመንኳቸው፤ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። እዚያው እንደተቀመጠ ጽሑፉ ወጣ። የእኔ ፕላኔት አለች፤ የሌሎቹ ጣቢያዎች ስም በሙሉ አለ። እኛ የለንበትም።

በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ግምገማ አቶ በላይነህ የፕላኔቷን መገኘት ዜና ከኢንተርኔት አሳትመው ይዘው መጡ። ለጉባኤው አነበቡትና መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ።

"ይህቺን የእኛ ጣቢያ ለምን አላያትም?"

"አይቷታል። ከሁሉም በፊት ያየኋት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። እንግዲያው ከሦስቱ ጋር ተደምራ አፈጻጸማችን ከመቶ በላይ ይያዝ አሉ። አንዳንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ቁጭት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስንት ጊዜ ብርድ ላይ ቆሜ የጠበቅኋት ልጄ ነበረች፤ እነሱ ደግሞ ከሌሉት ሦስቱ ጋር ሊያስቀምጧት ነው። ተነሳሁ።

"አትደመርም፣ አቶ በላይነህ። በራሳችን ውሸት ነው ከጽሑፉ የወጣነው። የእኛ አይደለችም።"

"አየሽ ወይስ አላየሽም?"

"አይቻለሁ።"

"የእኛ ናት ወይስ አይደለችም?"

"አይደለችም።"

አቶ በላይነህ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው የእኛ ካልሆነች አላየናትም ማለት ነው አሉ። በቃለ ጉባኤው ላይም ወይዘሪት ሎሚ ፕላኔቷን አለማየታቸውን በግለ ሂስ አምነዋል ተብሎ ተያዘ።

ወረቀቱ ለፊርማ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ከስሜ ፊት ለፊት ባለው ክፍት ቦታ ላይ ፊርማዬን አላኖርኩም። "አይቻታለሁ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩና፣ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም ቀጣዩ ፈራሚ ለነበረው ለገመቺስ አቀበልኩት።