ባሏ ያላየው አፍንጫ

ንስር የሚለውን ስም ያወጡላት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ናቸው። አፍንጫዋ መሃሉ ላይ ጉብ ብሎ ጫፉ ወደ ታች ያጎነበሰ፣ ከአባቷ የወረሰችው አፍንጫ ነበር። ስሙ ከትምህርት ቤት ተከትሏት ቤት ገባ። እናቷም ወንድሟም ለመዱት፤ ኋላ መነጽር ቤት ስትቀጠር ባለሱቁ ሳይቀር ንስር ይላት ጀመር። እሷም አልተቆጣችም። ሰው በፍቅር የሚጠራበትን ስም ምን ብሎ ይቆጣል?

ሥራዋ ግን ቀኑን ሙሉ ከሰው አፍንጫ ጋር ያውላት ነበር። ደንበኛውን መስተዋት ፊት ታስቀምጣለች፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ በሙቅ አየር አለስልሳ ታጎብጣለች፤ አፍንጫ ላይ የሚቀመጡትን ሁለት ትንንሽ ድጋፎች በጉጠት ታጠባለች፣ ታሰፋለች። ደንበኛው ራሱን ሲያይ እሷ ደግሞ ከትከሻው በላይ የራሷን አፍንጫ በጎን ታያለች። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ነገሩ ቀስ እያለ ሆዷ ገባ።

ከሱቁ አጠገብ የውበት ሳሎን ነበር። የሳሎኗ ሴት አንድ ቀን የላላ መነጽሯን ልታስጠብቅ መጥታ የንስርን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ቢላ አያስፈልግሽም አለቻት፤ ከጉብታው በላይና በታች መሙያ መርፌ ሲወጋ መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ካልወደድሽው ተመልሰሽ ያው ነሽ። ንስር አሰበችበት፣ ተወችው፣ እንደገና አሰበችበት። በመጨረሻ በምሳ ሰዓት ሄዳ ተወጋች። ስትመለስ ባለሱቁ ትክ ብሎ አያትና ፀጉርሽን ተሠራሽ እንዴ አላት።

ወደደችው። የጎደለ ሲመስላት አስጨመረች፤ ሌላ ጊዜም እንዲሁ። መኪና ጠጋኙን ያገኘችው በዚህ መሃል ነው። የቅርብ ማንበቢያ መነጽር ሊገዛ የመጣ፣ ጥፍሩ ሥር የገባ ግሪስ የማይለቀው፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ተጋቡ። ስለ መርፌው አልነገረችውም። መጀመሪያ ላይ የሚነገር ነገር አልመሰላትም፤ ቆይቶ ደግሞ "እስካሁን ለምን ደበቅሽኝ?" የሚል ጥያቄ እንደሚከተል ስለገባት ሆድ ይፍጀው አለች። ቤተሰቦቿ ለምን ንስር እንደሚሏት ሲጠይቃት ዓይኔ ሩቅ ስለሚያይ ነው አለችው። ለመነጽር ሠሪ የሚገባ ስም ነው ብሎ ሳቀ። አመናት።

ነገሩ የተበላሸው ሥራ ላይ ነው። ለአንዲት ደንበኛ ፍሬሙ እንዴት እንደሚቀመጥ ልታሳያት ራሷ አድርጋ አወለቀችው። ድጋፎቹ ያረፉበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ደንበኛዋ ጉድጓዶቹን አየች፤ ንስርም እያየቻቸው መሆኗን አየች። ሴትየዋ ከወጣች በኋላ መስተዋቱ ፊት ቁጭ ብላ ብትጠብቅ አልሞላ አሉ። ያኔ ልብ ብላ ስታይ አፍንጫዋ ሰፍቷል፤ የላይኛው ጫፉም ከግንባሯ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ሳሎን ሄዳ ስትነግራት ሴትየዋ ትንሽ ብንጨምርበት ይስተካከላል አለቻት። የተወጋው ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሆነ ስትጠይቃት ግን ጥሩው ነው አለቻት።

ንስር ወደ ቀዶ ሐኪም ሄደች። ሐኪሟ በዕድሜ ጠና ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። አፍንጫዋን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ቀዳዳዎቹን በመብራት አየች፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።

«አሁን በእጄ የነካሁት አንቺን አይደለም፣ መርፌውን ነው» አለቻት። «ከሥሩ ምን እንዳለ ሳላይ አልቆርጥም።»

መድኃኒቱ ይጠፋል ቢባልም ሁልጊዜ እንደማይጠፋ፣ ከገባበት ቦታ ሸሽቶ ሌላ ቦታ እንደሚተኛም ነገረቻት። መጀመሪያ በሌላ መርፌ ይሟሟል፤ እብጠቱ ይወርዳል፤ ከዚያ አፍንጫውን አይተን እንነጋገራለን። ደግሞም ውስጡ ያለው ግድግዳ ጠማማ ነው፤ በቀኝ በኩል በደንብ አትተነፍሺም አይደል? ንስር ከልጅነቷ ጀምሮ ጉንፋን ነው ስትል የኖረችውን ነገር አሁን ስም ሲወጣለት ግራ ገባት። የበለጠ ግራ የገባት ግን ሌላ ነው፦ የድሮው መድኃኒት ካልጠፋ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጎደለ ብላ ስታስጨምር የጎደለው ምን ነበር?

ማሟሟያው የተወጋው ባሏ ከከተማ ውጭ ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና ሊጠግን በሄደ ጊዜ ነው። ፊቷ አበጠ፤ ከዚያ ጎደለ፤ ጉብታውም ብቅ አለ። ሆኖም የምታስታውሰው ጉብታ አልነበረም። በግራ በኩል ዝቅ ያለ፣ ቆዳው የላላ፣ ጫፉ የደከመው ሰው የመሰለ። ይህ የኔ ነው ወይስ መርፌው የሠራው? መልሱን የሚያውቅ መስተዋት አልተገኘም።

ባሏ ሲመለስ ቦርሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ሆነሽ ነው? ወደቅሽ?»

የያዘችውን ድስት አስቀምጣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ሰማት።

«ንስር የሚሉሽ ለዚህ ነው?» አላት ስትጨርስ።

«አዎ።»

«እናትሽም ያውቃሉ?»

«ሁሉም ያውቃል።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ጋራዥ ውስጥ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ። ሚስቴ ሩቅ ታያለች ብዬ።»

ያሳቀቃት ይህ ነው። ቢጮህባት ትመልስ ነበር። እሱ ግን ሊታጠብ ሄደ፤ ውኃው ረጅም ጊዜ ሲወርድ ሰማችው። ገበታ ላይ እያየችው ያልመሰለው ጊዜ ቀና ይላል፤ ዓይኖቻቸው ሲጋጠሙ ያቀረቅራል። አስቀያሚ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አስቀያሚ አይደለም፣ ግን አላውቀውም አላት።

እናቷ ቤት ሄደች። እናቷ ቁርጥ ስትወለጂ የነበረው አፍንጫ ነው ብላ ማለች። ወንድሟ የለም፣ ጉብታው ከዚህ ከፍ ይል ነበር አለ። ፎቶዎች ተፈልገው ወጡ፤ በሁሉም ላይ ወይ ፊት ለፊት አይታለች፣ ወይ እጇን አፍንጫዋ ላይ ጥላለች። አባትሽ በሕይወት ቢኖር ጎን ለጎን አድርገን እናያችሁ ነበር አለች እናቷ፤ ከዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ጀምራ የልጇን ፊት ስታይ መሃሉ ላይ ተወችው። ወንድሟ፣ እንግዲህ አፍንጫሽን ላሺ አላት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ንስርም ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ማለት ይኸው ነው።

ሐኪሟ በኮምፒውተር ላይ ሦስት ዓይነት አፍንጫ ሠርታ አሳየቻት። አንዱ ያምራል፣ አንዱ የሳሎኗ ሴት የሠራችውን ይመስላል፣ ሦስተኛው አሁን ያለው ተቃንቶ ነው። የቱን ትፈልጊያለሽ ስትባል መምረጥ አቃታት። ሐኪሟ ስክሪኑን አጠፋች። እርግጠኛ ሳትሆኚ ቢላ አላነሳም፤ ቆዳሽም ገና አልረጋም፤ ሂጂና ከፊትሽ ጋር ቆዪ አለቻት።

ቆየች። ጠዋት ደህና ነው ብላ ትወጣለች፣ ከሰዓት ሁሉንም ላስነሳው ብላ ትመለሳለች። በቀጣዩ ቀጠሮ ባሏ አብሬሽ ልሂድ አላት። ሐኪሟን የጠየቃት ስለ ትንፋሿ ብቻ ነበር። እሱ የቱን እንደሚመርጥ ስትጠይቀው ፊቱ የሷ ነው አለ። ንስር ተናደደች። ሰው ሁሉ ሳትጠይቀው ሲፈርድባት ኖሮ፣ ፍርዱን የምትፈልገው አንድ ሰው ዝም ይላል። በንዴቷ መሃል፣ ገና አስባ ሳትጨርስ፣ ቃሉ ከአፏ ወጣ።

«ትንፋሼ ይከፈት፤ የተጣመመው ይቃና። ጉብታውን ዝቅ አድርጊው እንጂ አታጥፊው።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ኋላም አላወቀችውም። ሐኪሟ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ ይህን መሥራት ይቻላል አለች።

ቀዶ ጥገናው ከታሰበው በላይ ረዘመ። ሟሟ የተባለው መድኃኒት ጥቂቱ ከሥጋ ጋር ተጣብቆ ቀርቶ ስለነበር ቀስ እየተባለ ተለቅሞ ወጣ፤ የደከመውን ጫፍ ለማቆም ከጆሮዋ ኋላ ቅንጣት ለስላሳ አጥንት ተወሰደ። ስትነቃ አፍንጫዋ ታሽጎ ጆሮዋ ያማት ነበር፤ የተሳሳተ ቦታ ቀደዱኝ ብላ ነርሷን አስቃታለች።

ማሸጊያው ሲነሳ እናቷ፣ ወንድሟና ባሏ ተሰብስበው አዩ። ያበጠ፣ ክብ፣ የማንም ያልሆነ አፍንጫ ነበር። እናቷ የአባትሽ ነው አለች። ወንድሟ የአጎታችን ነው አለ። ሐኪሟ ገና ምንም አላያችሁም፣ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ዓመት ይፈጃል ብላ ሁሉንም አሰናበተቻቸው።

ወደ ሥራ ልትመለስ የቀረበች ሰሞን ባሏ ለምሳ መጣ። አጎንብሶ ጫማውን ሲፈታ በአጠገቡ አለፈችና ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጎማና ቤንዚን ትሸታለህ።»

«ሁልጊዜም እሸታለሁ» አለ ግራ ተጋብቶ። «ምንም ስለማትዪኝ ሳሙናው የሚያስለቅቀው መስሎኝ ነበር።»

እንደገና ማገችው። ዘይትም አለበት፣ ብረትም፣ ላብም። ከአንድ ገበታ አብራው የበላችው ሰው እንዲህ እንደሚሸት እስከዛሬ አታውቅም ነበር። ሽታውን ትወደው እንደሆነ ሊያውቅ ፈልጎ ፊቷን አየ፤ በዚህ ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም።

«አስጠላሁሽ?»

«እንጃ» አለችው። «አዲስ ነው።»

አፍንጫሽንስ ወደድሽው ወይ አላት። ገና አልለየሁም አለች። እኔም አለ እሱ፤ ከዚያ ሄዶ እጁን ታጠበና ተቀመጡ።