ሁለት ሌሊት እዚህ፣ ሁለት ሌሊት እዚያ

ሽማግሎቹ ያዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካረፋችሁበት እንዳትነቃነቁ። ትእዛዙን የሰጡት ሐጂ ፈረጅ ናቸው፤ ከአልዩ አምባ የወጡ ነጋዴ፣ ደጋውም ቆላውም ቃላቸውን የሚያከብርላቸው ሰው። ሐሙስ ዕለት ፀደንያና አጎቷ ወልደ ሰንበት ከአንኮበር በሚኒባስ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሲደርሱ፣ ሐጂ ፈረጅ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በሐምሌ ዝናብ ይጠብቋቸው ነበር።

«እናንተ ከከተማው በላይ፣ እነሱ በታች» አሉ። «የት እንዳረፉ አትጠይቁ፤ እነሱም አይጠይቁም። እስከ እሑድ ድረስ ካንድ ጣራ ሥር እንዳትገቡ፣ ካንድ ገበታም እንዳትቀርቡ። የቀረውን ለአላህ እንተወው።»

«እነሱ» የሚሏቸው ዘውዴ የሚባል ሰውና ወገኖቹ ናቸው። ዘውዴ የፀደንያን አባት ተስፋሚካኤልን በመስኖ ውሃ ተጣልቶ በዱላ ገድሎታል። ያኔ ፀደንያ ገና ተማሪ ነበረች። ሰውዬው ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል፤ ነገር ግን ደም ሳይደርቅ ወደ አገሩ አይገባም። ስለዚህ እሑድ ዕርቅ ይደረጋል፤ ገዳይ በሽማግሌ ፊት የሆነውን ይናገራል፣ ይምላል፣ ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ካንድ ገበታ እንጀራ ይቆርሳሉ። ከዘመድ ቤት ያረፈ ደመኛ ለበቀል ሲጎተጎት ስለሚያድር፣ እስከዚያው ሁለቱም ወገን የየራሱን ችሎ ሆቴል ይቀመጣል።

ወልደ ሰንበት ለዕርቁ እሺ ያለው በአንድ ነገር ነው። ሰውዬው ችሎት ላይ «አላስታውስም» ብሎ ነበር። ወንድሙ ተስፋሚካኤል እንዴት እንደሞተ፣ ምን ብሎ እንደሞተ፣ እስከ ዛሬ የነገረው የለም።

«አስቀድሞ ይናገራል» ይላል ወልደ ሰንበት በጠየቁት ቁጥር። «ከዚያ እበላለሁ። ከበላሁ በኋላ ግን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? የበላ አፍ አይጠይቅም።»

ፀደንያ ይህን ሁሉ የምትሰማው በግማሽ ጆሮ ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ ከፖላንድ ከተመለሰች ዓመት ሊሞላት ነው። ሁለት ሥራ ጀምራ ሁለቱንም ትታለች። አዲስ አበባ ስትሆን አንኮበር ይናፍቃታል፤ አንኮበር ስትደርስ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ይጠባታል። ሽማግሌ ደም ያደርቃል የሚለውን ነገር አታምንበትም፤ አላምንም ለማለትም አልደፈረችም። የመጣችው አጎቷ ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው ነው።

የሆቴሉን ዋጋ ስትሰማ ግን ሙሉ ጆሮዋን ሰጠች። ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ነው፤ ከተማው በወላጅ ይሞላል። ሆቴሉም አራቱን ሌሊት አንድ ላይ ሲይዙት ሁሉንም በምረቃው ዋጋ ያስባል። ወልደ ሰንበት ለዚህ ጉዞ በጎቹን ሸጧል፤ ብሩን በመሐረብ ቋጥሮ እንደያዘው ስታይ አንጀቷ አልቻለም። ተማሪ ሳለች አገር ለአገር ስትዞር የለመደችው ብልሃት ነበራት፤ አንድን ቆይታ ለሁለት ለሦስት መቆራረጥ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ከረከሰበት መያዝ። ስልኳን አወጣች። ሐሙስና ዓርብን እዚያው፣ ቅዳሜና እሑድን ደግሞ ባንኮበር መውጫ አዲስ ከተከፈተ ሆቴል ያዘች። አዲሱ ሆቴል ገበያ እንዲለምደው ዋጋውን አላናረም።

«አትነቃነቁ ተብሏል እኮ» አለ ወልደ ሰንበት፣ ቅዳሜ ጧት ሻንጣውን ስታነሣ።

«ጋሼ፣ እነሱ ያሉት ወደ ታች እንዳንወርድ ነው። ይሄ ከታችም ከላይም አይደለም፣ በጎን ነው።»

«ለሐጂ ነግረሻቸዋል?»

«ምን ያስጨንቃቸዋል? ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተነሣ።

አዲሱ ሆቴል ሲደርሱ ክፍላቸው ገና ይጸዳል ተባለ። ውጭው ጉም ነው፤ ሁለት እርምጃ ፊት ለፊት አያሳይም። ምግብ ቤቱ ውስጥ ትልቅ የከሰል ምድጃ ነዷል። ከአጠገቡ ኮት ላይ ፎጣ ለደረበ አንድ ጥርሰ ቢስ ሽማግሌ ብቻውን ቁርስ ቀርቦለታል። ፀደንያ አጎቷን ወደ ሙቀቱ ወስዳ አስቀመጠችና መታወቂያ ልታስመዘግብ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄደች።

«እንብላ» አለ ሽማግሌው።

«ይብሉ፣ ይባረክ።»

«ኧረ ይቅመሱልኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ።»

«አልራበኝም ወንድሜ። ከመጣሁ ጀምሮ እህል አልዘልቅ ብሎኛል።»

«ይህ ብርድ ታዲያ ባዶ ሆድ ካገኘ ይምራል? የደብረ ብርሃን ብርድ እኮ ገብቶ ነው የሚቀመጥ፣ ወንበርም አይጠይቅ።»

ወልደ ሰንበት ሳቀ። ፀደንያ ከመቀበያው ሆና ሳቁን ስትሰማ ዘወር አለች፤ ከሐሙስ ወዲህ አልሳቀም። ሽማግሌው ፍርፍሩን ሰብሰብ አድርጎ ጠቀለለና እጁን ዘረጋ። «በሞቴ» አለ። ወልደ ሰንበት በደበዘዘ ዓይኑ እጁን ፈልጎ ጎረሰ። እያላመጠ ራሱን ነቀነቀ፤ ዋጠ።

ደስ አላት። እንኳን ለወጥነው አለች በልቧ። ላይኛው ሆቴል እንዲህ ያለ ምድጃም እንዲህ ያለ ጨዋታም አልነበረም። መታወቂያዎቹን ይዛ ወደ እነሱ መጣች።

«አባቴ፣ ምን አደረጉት? እኔ ሁለት ቀን ለምኜው እንቢ ያለኝን።»

«የደጋ ሰው ልመናው ዕውቀት ይፈልጋል» አለ ሽማግሌው ሁለተኛውን ጉርሻ እየጠቀለለ። «አንዱ ደግሞ ያጣላል። ይድገሙልኝ። ባነጋገራቸው የእኛው አገር ሰው መሆናቸውን አውቄያለሁ። እኔም ባንኮበር በኩል ነኝ።»

ደመኛ ያለበት ሰው ለማያውቀው ስሙን አይናገርም፤ የማያውቀውንም ስም አይጠይቅም። ሁለቱ ሽማግሎች ምድጃ ከበው፣ ተሳስቀው፣ ተጎራርሰው ስም ያልተጠያየቁት ለዚህ ነበር። ለፀደንያ ግን ይህን ማንም አልነገራትም።

«እኛም እኮ ከዚያው ነን፣ ከጎረቤላ በታች» አለች ፈገግ ብላ። «እሱ አጎቴ ወልደ ሰንበት ነው። እኔ የተስፋሚካኤል ልጅ ነኝ።»

ጉርሻው ከወልደ ሰንበት አፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

መጀመሪያ ሰውዬውን አንድ ነገር ያመመው መሰላት። ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ በአንዴ ጠፋ። እጁ አልወረደም፤ አልተንቀሳቀሰም። ወጡ በጣቶቹ መካከል ወርዶ በኮቱ እጅጌ ገባ። ወልደ ሰንበት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«ምነው?» አለ ወልደ ሰንበት። ከዚያ አፉን ዘጋ። ሞራ የጋረደው ዓይኑ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥላ ይፈልግ ጀመር። «ማን ልበል?»

ሽማግሌው ወደ ፀደንያ አየ፤ ከዚያ ወደ ወልደ ሰንበት።

«ዘውዴ ነኝ» አለ።

ዘውዴ ከቦዩ ማዶ የሌላ ቀበሌ ሰው ነበርና፣ ወልደ ሰንበት ያየው ችሎት ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ ጠጉሩ የጠቆረ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነበር። ፀደንያ ደግሞ ጨርሶ አይታው አታውቅም። በልጅነቷ ስታስበው የኖረችው ግዙፍ ነገር ይህ አልነበረም።

ወዲያው ካንዱ ጥግ ሹራብ የለበሰ ጎልማሳ እየሮጠ መጣ። የዘውዴ የእህት ልጅ ብሩክ ነው፤ እዚሁ ከተማ ፋብሪካ ይሠራል።

«እናንተ ከላይ አይደለም እንዴ የተባላችሁት?» አላት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እናንተስ ከታች አይደለም?»

«ዛሬ ጧት ነው የገባነው። ቅዳሜና እሑድ ዋጋው ስለሚወደድ... ቆራርጬ ነበር የያዝኩት። ሁለቱን ሌሊት እዚያ፣ ሁለቱን እዚህ።»

ፀደንያ የራሷን ሐሳብ ከሌላ ሰው አፍ ሰማች። በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ዋጋው ያልናረ አንድ ሆቴል ብቻ ነበር። ሁለቱም አግኝተውታል።

ብሩክ ደውሎላቸው ሐጂ ፈረጅ በባጃጅ ደረሱ። ከበሩ ሆነው ሁለቱን ሽማግሎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ሲያዩ የጫማቸውን ጭቃ ሳይጠርጉ ገቡ። «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ፤ ያለ አላህ ኃይል የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ማን አመጣችሁ?»

ከዚያ ሳህኑን አዩ።

«በልታችኋል?»

«በልተዋል ሐጂ» አለ ብሩክ። «አጉርሶታል፤ እኔም አይቻለሁ። እንግዲህ... ከበሉ ታርቀዋል ማለት አይደል? ነገ ሰው መሰብሰቡ ምን ያደርጋል?»

«አንተ ዝም በል።»

«ሳያውቅ ነው የበላው» አለች ፀደንያ። «ሐጂ፣ ሳያውቅ የበላ ሰው አይቆጠርበትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የጥፋቱን ባለቤት አልጠየቅሁም ልጄ።» ሐጂ ፈረጅ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አባቶች በላይ በታች እያደረጉ የሚያሳድሩት ለዚህ ነበር። ማዕድ መጨረሻ ነው። መጨረሻው መጀመሪያ ከመጣ፣ እኔ ነገ ይህን ሰው በምን አፌ ተናገር እለዋለሁ? ወገኖቹ በልቷል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።»

ወልደ ሰንበት እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ነበር። ፀደንያ አጠገቡ ተንበረከከች፤ አላያትም። ስንት ዘመን የያዘውን ጥያቄ ከፍርፍር ጋር እንደዋጠው ገባት። ያስዋጠችው ደግሞ እሷ ናት፤ የበግ ዋጋ አድናለሁ ብላ።

ዘውዴ ጉርሻውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረ። እጁን አልጠረገም።

«አስታውሳለሁ» አለ።

«ጋሼ፣ ተው» አለ ብሩክ።

«ችሎት ላይ አላስታውስም ያልኩት ውሸቴን ነው። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ቦዩ ውስጥ ወደቀ። አልሞተም ነበር።»

ምድጃው ውስጥ ከሰል ተንጣጣ። አስተናጋጇ የያዘችውን ብርጭቆ ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አንሣኝ አለኝ። ስሜን ጠርቶ። እኔ ከካቡ ጀርባ ሄጄ ተቀመጥሁ። ባነሣው ይተርፍ ነበር፤ ቢተርፍ ይበቀለኛል ብዬ ፈራሁ።» ዘውዴ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም። «ከዚያ እኔን መጥራቱን ተወ። ልጁን ይጠራ ጀመር። ፀዲ ውሃ አምጪልኝ፣ ፀዲ ውሃ አምጪልኝ ይላል። ውሃው ውስጥ ተኝቶ።»

ፀደንያ ስሟን ሰማች። በዚያ ጥርስ በሌለው አፍ፣ በአባቷ አጠራር።

«ብዙ ጊዜ ጠራት?» አለ ወልደ ሰንበት።

«ብዙ ጊዜ። ዝም እስኪል ጠበቅሁ።»

ወልደ ሰንበት ተነሣ። ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ወደ በረንዳው ወጣ። ፀደንያ ተከተለችው። ጉሙ ውስጥ ቆሞ ሁለት ጊዜ ለማስመለስ ሞከረ፤ ምንም አልወጣውም።

«ወደ ፊተኛው ሆቴል መልሺኝ» አለ።

ደወለች። ክፍሉን ለቃችኋል፣ የተመራቂ ቤተሰብ ገብቶበታል አሏት። ሌላ ሆቴል ደወለች፤ ሞልቷል። ሌላም፤ ሞልቷል። እንደ ድሮው ብልሃት ትፈልጋለች፤ ግማሽ ሌሊት የሚቆርጥላት እንኳ አጣች።

ሐጂ ፈረጅ ከኋላ መጡ። «የጎረቤላ ሚኒባስ አለ፤ አሁን ልትሄዱ ትችላላችሁ። ማንም አይወቅሳችሁም። ነገሩ ግን ከዚህ በኋላ አይነሣም፤ እሱም ተናግሬያለሁ ብሎ ይሄዳል።»

«ለማን ተናገረ?» አለ ወልደ ሰንበት።

«ለእናንተ።»

«ለእኛ ብቻ?»

ወልደ ሰንበት ጋቢውን አወረደና አፉን ጠረገበት። ሊታሰብ የማይችል ነገር ሊናገር እንደሆነ ፀደንያ ከትከሻው አወቀች፤ ሚኒባሱን ልትጠራም ስልኳን አንሥታ ነበር።

«ክፍላችን ተጸድቷል?» አላት።

«ጋሼ፣ እዚህ? ከሱ ጋር ካንድ ጣራ ሥር?»

«ጣራውስ ከጉርሻው አይብስም።» ወደ ምግብ ቤቱ ዞረ። «በልቻለሁ፤ እውነት ነው፣ አልክድም። ለራሴ አልጠይቀውም። ነገ ግን ይህንኑ፣ ቃል ሳያጎድል፣ አገሩ ሁሉ ፊት ይደግመዋል። ሌሊት ወጥቶ እንዳይሄድብኝ እኔው እጠብቀዋለሁ።»

«ሐጂ አይፈቀድም ብለው የለም?» አለች ፀደንያ።

«አይፈቀድም» አሉ ሐጂ ፈረጅ። «ያልተፈቀደው ግን ቀድሞ ሆኗል።»

ወልደ ሰንበት እየዳሰሰ ተመልሶ ገባ። ዘውዴ ከወንበሩ አልተነሣም። ወልደ ሰንበት ምድጃው ጋ አልተቀመጠም፤ አንድ ወንበር ጎትቶ ወደ ክፍሎቹ በሚያወጣው ደረጃ ሥር አኖረውና ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ። ፀደንያ ቁልፉን ተቀብላ ሻንጣውን አነሣች፤ ደረጃውን ለመውጣት አጎቷን ማስነሣት ነበረባት፤ እሱ ግን ሳይነሣ እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት።