ከደመናው በላይ ያለፈችው ዳኮታ

ባንተአምላክ ጡረታ ወጥቶ ቡሬ ከገባ ወዲህ ስለ ዳኮታ የሚያወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር። ዳኮታ ድሮ ሣር ሜዳ ላይ ታርፍ የነበረች ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ናት፤ እሱ መካኒኳ፣ ጓደኛው አድማሴ ነዳጅ ቀጂዋ ነበሩ። አድማሴ ፍኖተ ሰላም ልጁ ዘንድ ይኖራል። በስልክ ሲገናኙ፣ በጠዋት ብርድ አልነሣም ስትል እንዴት ያባብሏት እንደነበር እያነሡ ይስቁ ነበር። የባንተአምላክ ሚስት ታዲያ፣ «ያገባኸውስ እሷን ነው» ትለው ነበር። ኋላ ሚስቱ ሞተች፤ የአድማሴም ጆሮ ተደፈነና ስልኩ ዝም አለ።

በመስከረም መጀመሪያ አንድ የድሮ ባልደረባው ከአዲስ አበባ ደወለለት። ፈረንጆች ያደሷት አንዲት ዳኮታ ነገ ከባሕር ዳር ተነሥታ በጎጃም ሰማይ ታልፋለች አለው። ባንተአምላክ ለጎረቤቱ ቢነግረው «ይሁና!» ብሎ በሬዎቹን ነዳ። በማግስቱ በማለዳ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄደ።

በሩን የከፈተችለት የአድማሴ ልጅ እናኑ ናት፤ ለምን እንደመጣ ነገራት።

«ጋሼ፣ አባባ እኮ አሁን እንኳን አውሮፕላን ነጎድጓድም አይሰሙም» አለችው።

«ዓይኑ ደኅና አይደል? ያያታል።»

ባንተአምላክ ክንዶቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ለአድማሴ ካስረዳው በኋላ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጅ በርጩማ አውጥተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰማዩ ግን ቀዳዳ አልነበረውም፤ ደመናው ባሕር ዛፎቹ ጫፍ ላይ ተኝቷል።

ረፋዱ ላይ መጣች። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ወፍጮ፣ ቀጥሎ ደረት የሚያንቀጠቅጠው ያ ከባድ ድምፅ። ባንተአምላክ ብድግ አለ፤ እንባው መጣ። ዞር ሲል አድማሴ ባዶውን ደመና አፍጥጦ ያያል።

«መጣች እንዴ?» አለ አድማሴ እየጮኸ።

ባንተአምላክ ደስታው አፉ ላይ ደረቀ። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ ድምፁ በሄደበት በሄደበት ቀስ እያለ ይወስደው ጀመር። አድማሴ ቆቡን አውልቆ ጣቱን በዓይኑ ተከተለ።

«ሁለቱም ሞተሯ ይሠራል?»

ባንተአምላክ ራሱን ከፍ ዝቅ አድርጎ አዎን አለው።

«አይ የኔ እመቤት!»

ድምፁ ወደ ደምበጫ ራቀ፤ ጠፋ። አድማሴ ግን ገና እያየ ነው። ባንተአምላክም ጣቱን ማውረድ አልሆነለትም፤ ክንዱ እስኪዝል ምንም የማይሰማበትን ሰማይ ሲያሳየው ቆየ። በመጨረሻ አድማሴ ራሱ ክንዱን ይዞ አወረደለት።

«ይበቃል፤ ሄዳለች» አለው።

ምሳቸውን በልተው ተለያዩ። በመልሱ ሚኒባስ ተሳፋሪው ሁሉ ስለ ማዳበሪያ ያወራል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ፣ «አባቴ፣ ከየት እየመጡ ነው?» ሲለው፣ «ከጓደኛዬ ዘንድ» አለና ጥቂት ጠበቀ። ሰውዬው ግን ሌላ አልጠየቀውም።