«የለም» ያለችበት ቀን

ልጅቷ የተወለደች ዕለት አዋላጇ በፎጣ ጠቅልላ ለእናቷ ልትሰጣት ስትል አንድ አፍታ እጇ አመነታ። እናት ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት ዘጠኝ ዓመት የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣለች። ሰው ዕቃ ሲያስረክብ እጁ ካመነታ አንድ ጉድለት እንዳለ ታውቃለች።

«ምኗ ነው?» አለች።

አዋላጇ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ የሕፃኗን ግራ እግር አሳየቻት። ውስጥ እግሯ ወደ ላይ ዞሯል፣ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፣ ተረከዟ ወደ ላይ ተሰብስቧል።

«ቆልማማ እግር ነው። ቶሎ ከተጀመረ ይታከማል፤ አትስጊ» አለቻት።

እናት አላለቀሰችም። ይህን እግር ታውቀዋለች። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ፣ በካልሲና በጥቁር ጫማ ተሸፍኖ፣ በአባቷ ላይ ስታየው ኖራለች።

አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። ከልጃቸው ግቢ አንዲት ክፍል ይዘው፣ መስኮቷ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ማጉያ መስታወት ዓይናቸው ላይ ሰክተው ይውላሉ። ሲራመዱ በግራ እግራቸው የጎን ጠርዝ ስለሚረግጡ አንዱ እርምጃ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። ሰፈሩ «ቲክታክ» ይላቸዋል። እንግዳ ሰው ለሙያቸው የወጣ ስም ይመስለዋል። እሳቸውም «ምን ላድርግ፣ እንደኔ ሰዓቱን ጠብቆ የሚሄድ የለም» ብለው ይስቃሉ።

ልጅቷን ሊጠይቁ የመጡት የባሏ እናት የሕፃኗን እግር አገላብጠው አዩና፣ ክፉ ሳያስቡ፣ «በኛ በኩል እንኳ እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም» አሉ። ያቺ ቃል እናቲቱ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

በአሥረኛው ቀን ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የጠዋት ፈረቃውን ለጓደኛው ሰጥቶ መጣ። አባቷም «አንቺ ገና አራስ ነሽ፣ እኔ እይዛታለሁ» ብለው ሕፃኗን ታቅፈው እስከ ክሊኒኩ በር አደረሱ። ከዚያ ለእናቷ ሰጥተው፣ ብርድ ልብሷን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። የምርመራው ክፍል በር አልተዘጋም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እግሩን በአውራ ጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ ፎርም አወጣችና መጠየቅ ጀመረች። እርግዝናው እንዴት ነበር፣ ስንት ኪሎ ተወለደች፣ ሌላ ሕመም አለባት ወይ። ቀጥላም፦

«ከእናት ወይም ከአባት ወገን፣ እግሩ እንዲህ ሆኖ የተወለደ ሰው አለ?»

ሐኪሟ የጠየቀችው እንደ ሌላው ጥያቄ ሁሉ ነው። እናት የሰማችው ግን «ከማን አመጣሽው?» የሚል ነው።

«የለም» አለች።

ባሏ ዞር ብሎ አያት። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ከዚያም አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር እርምጃ፣ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

እንዲህ ስትል ይህ ሁለተኛዋ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ዝናብ በጣለበት አንድ ከሰዓት፣ አባቷ ጃንጥላ ይዘውላት ትምህርት ቤት መጡ። የክፍል ጓደኛዋ «አባትሽ ናቸው?» ስትላት፣ «ጎረቤታችን ናቸው» አለች። አባቷ ሰምተዋል። ጃንጥላውን ሰጥተዋት፣ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርተው፣ እየረጠቡ እስከ ቤት ተከተሏት። ለእናቷ አልነገሩባትም። እሷም ይቅርታ አልጠየቀችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ነገሩ ወለም እንዳለ ቀረ።

በዚያው የክሊኒክ ቀን ለሕፃኗ ጄሶ ታሰረላት። ጄሶ የሚያስረው ሰውዬ ግዙፍ ነው፤ እጁ ግን ቀላል። ጥጡን ከጣቷ እስከ ጭኗ ጠቀለለ፣ በውሃ የተነከረውን ጄሶ በላዩ ላይ አዞረ፣ ከዚያ እስኪጠነክር እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። «እኔ እግር አልጠመዝዝም፤ እለምነዋለሁ» አላቸው። «ዛሬ ትንሽ እሺ ይለኛል፣ ሳምንት ደግሞ ትንሽ። እናንተ ብቻ ሳምንቱን እንዳትዘሉ። ጣቶቿን እያያችሁ፤ ከጠቆሩ ወይም ከቀዘቀዙ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በሩጫ ነው።»

ባሏ እንባው ሊመጣ ሲል መቀለድ ልማዱ ነው። ልጁን ታቅፎ ሲወጣ ጄሶው እጁን አራሰው። «እንግዲህ የኔ ልጅ እግረ እርጥብ ሆነችልኝ!» አለ፣ ተራ የሚጠብቁት ወላጆች እየሰሙ። ሁሉም ሳቁ። ሚስቱ አልሳቀችም።

አባቷ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመው አገኟቸው። ብርድ ልብሱን ለሕፃኗ አልብሰው፣ «ከበዳት?» ብለው ጄሶውን በአንድ ጣት ነካ አደረጉ። ሌላ አልተናገሩም።

ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ጠዋት፣ ወደ ክሊኒክ ከመሄዳቸው በፊት፣ ጄሶው ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ ቤት ይፈታል። ይህን ሥራ አባቷ ያዙት። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብሎን የለመደው ጣታቸው የጄሶውን ጫፍ ፈልጎ ያገኝና ዙር በዙር ይፈታዋል፤ ልጅቷም አታለቅስባቸውም። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው፣ «በሉ ሂዱ፤ እኔ ሥራ አለብኝ» ብለው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። ክሊኒክ አብረው መሄድ ትተዋል።

በሦስተኛው ማክሰኞ ልጃቸው ሳፋው አጠገብ ተንበርክካ፣ «አባባ፣ ያን ቀን ሐኪሟ ስትጠይቀኝ እኔ...» ብላ ጀመረች።

«ውሃው በረደ» አሉ አባቷ ቀና ሳይሉ። «ሙቅ ጨምሪበት።»

ጨመረች። ነገሩም በዚያው ቀረ።

ከአራተኛው ጄሶ በኋላ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ልጅቷ ባልታወቀ ምክንያት ማልቀስ ጀመረች። ጡት እንቢ አለች። እናት ጣቶቿን ስታይ አብጠው ጠቁረዋል። ጫን አደረገቻቸው፤ ደም አልተመለሰም። ባሏ መሪ ላይ ነው፣ ስልክ አያነሳም። «አባባ!» ብላ ስትጮህ አባቷ ማጉያቸውን ከዓይናቸው ሳያወልቁ ደረሱ። ልጅቷን ከእጇ ነጠቁና በሩን ወጡ።

አባቷ ሲሮጡ አይታ አታውቅም። የሚሮጡም አይመስላትም ነበር። ግራ እግራቸው ወደ ጎን እየወደቀ፣ ቀኙ እያነሳው፣ ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ መኪና እያስቆሙ ዋናውን መንገድ ተሻገሩ። እሷ በሁለት ጤነኛ እግሯ ከኋላ ቀረች። ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር፤ አንድ ሁለቱም ስቀዋል። አባቷ አልሰሟቸውም።

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ሐኪሟ ከፊት ለፊት ስትመጣ አየቻቸው። መጀመሪያ የልጅቷን ጣቶች አየች። ወዲያው ጄሶ አሳሪውን ጠርታ አስገባቻቸው። መቁረጫው እየጮኸ፣ ልጅቷ ከመቁረጫው በላይ እየጮኸች፣ ጄሶው ለሁለት ተከፈለ። ጣቶቿ ቀስ በቀስ ቀሉ። «ደርሳችኋል» አለ ሰውዬው ግንባሩን እየጠረገ። «ጥሩ ጊዜ ደርሳችኋል።»

ሐኪሟ ያኔ ነው ሽማግሌውን ልብ ብላ ያየቻቸው። ግድግዳ ተደግፈው ያለከልካሉ። ካልሲያቸው ወርዷል፤ ጫማቸው በጎኑ ተጣሟል።

«የእናቷ አባት ነዎት?» አለቻቸው በአክብሮት።

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ሐኪሟን አዩ።

«አይደለሁም» አሉ። «ጎረቤት ነኝ።»

ባርኔጣቸውን አነሳ አድርገው ወጡ።

እናት ልጇ እጇ ላይ እየተንሰቀሰቀች ስለነበር ቀና ያለችው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። «አባቴ ናቸው» አለች፤ ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ። ማንም ግን ኮሪደሩ ላይ አልነበረም። «መዝገቡ ላይ ‹የለም› ያልኩት ውሸት ነው። አባቴ ናቸው፤ ጻፊልኝ።»

ሐኪሟ ፋይሉን አውጥታ አስተካከለች። «ሕክምናውን የሚለውጠው ነገር እኮ የለም» አለች ለስለስ ብላ። «የሚጠየቀው ለመረጃ ነው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እሳቸውን ልጅ ሳሉ ያከማቸው ሰው አልነበረም?» ብላ ጠየቀች።

«አላውቅም» አለች እናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቃቸው አታውቅም።

ያን ዕለት ከሰዓት አባቷ ክፍል ገባች። ሰዓት ፈተው የሚሽከረከሩ ጥርሶቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድረዋል። ሌላ ወንበር ስለሌለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እግርዎን ማንም አላከመዎትም?»

«እናቴ ሞክራ ነበር» አሉ። «አንድ ሐኪም በየሳምንቱ አምጪው ብሏት፣ የቀን ተኩል መንገድ በጀርባዋ አዝላኝ ትሄድ ነበር። ሦስት ጊዜ ወሰደችኝ። በአራተኛው ታናሽ ወንድሜ ተወለደ፤ እሱም ታመመ። ሁለት ልጅ አይታዘል። እሱ ዳነ፣ እኔ እንዲህ ቀረሁ።» የሰዓቱን አንድ ጥርስ በመቆንጠጫ አንስተው ቦታው ሰኩት። «ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ እግሬን አይታ አታውቅም። እኔም ካልሲ አላወልቅባትም ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ» አለች ልጃቸው።

«ስለምኑ?»

«ስለ ‹የለም›። ስለ ጃንጥላውም ጊዜ።»

ሽማግሌው ማጉያውን አወለቁ። ዓይናቸው ዙሪያ ክብ ምልክት ቀርቷል። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «እኔስ ብሆን? ያ ሁሉ ሰው ሲጠይቀኝ ‹የለም› ብል ደስ ባለኝ ነበር። ግን ተሸክሜው እየሄድኩ እንዴት እላለሁ?» ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። እሷ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ፀጉሯን ዳበሱት። ዕርቅ ነበር፤ ቢሆንም ሁለቱም ዘግይቶ እንደመጣ ያውቁታል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አብረው ሄዱ። ሐኪሟ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ «አባባ፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። ከስድስተኛው ጄሶ በኋላ የሕፃኗ የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዶ ጥገና ተለቀቀና፣ ለሦስት ሳምንት የሚቆይ የመጨረሻ ጄሶ ታሰረ። «ይሄ ሲወልቅ እግሯን ቀና ብሎ ታዩታላችሁ» አለ ጄሶ አሳሪው። ሽማግሌው ቀኑን መስኮታቸው ላይ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ በቀይ እስክርቢቶ ከበቡት።

ይህ ጄሶ በታሰረ በዐሥራ አራተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሽማግሌው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። ልባቸው ነው አሉ። ጠጋኝ የሌለው ዕቃ።

ሆስፒታል አስከሬኑን ስትለይ ልጃቸው ነጩን ጨርቅ ከእግር በኩል ገለጠችው። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ካልሲውን አውልቀውታል። አይታው የማታውቀው እግር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራቁቱን ነበር። ስልሳ ዓመት የረገጡበት የጎን ቆዳ እንደ ተረከዝ ጠጥሯል፤ ውስጥ እግራቸው ግን መሬት ነክቶት ስለማያውቅ እንደ ሕፃን እግር ለስላሳ ነው። በእጇ ያዘችው። ባሏ መጥቶ ትከሻዋን እስኪነካት ድረስ አልለቀቀችውም።

ከቀብሩ አምስት ቀን በኋላ የቀጠሮው ማክሰኞ ደረሰ። ባሏ «ለሳምንት እናስተላልፈው?» አላት። «አይሆንም» አለች። ጥቁር ልብሷን ለብሳ ሄደች። ጄሶው ሲወልቅ እግሩ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ቀጭን፣ ቆዳው የተላጠ፣ ግን ቀጥ ያለ። ተራ ጠባቂዎቹ እልል ሊሉ ሲሉ ጥቁሩን አይተው ተዉት። እግሩ ተመልሶ እንዳይዞር፣ በብረት ዘንግ የተያያዙ ሁለት ትናንሽ ጫማዎች ተሰጧት። ሐኪሟ ማሰሪያውን አሳየቻት፦ መጀመሪያ መካከለኛውን፣ ተረከዙ መቀመጡን እያየሽ። «ሁለት ቀን ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትለምደዋለች» አለቻት። ልጅቷ ስድስት ቀን አለቀሰች። እናትና አባት እየተፈራረቁ ታቀፏት። አንድም ጊዜ ግን አላወለቁላትም፤ ማውለቅ ከሚፈቀድባት ከአንዷ የገላ መታጠቢያ ሰዓት በቀር።

ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ ጫማው ለእንቅልፍ ብቻ ተባለ፣ እስከ አራት ዓመቷ። እናት ወደ ስፌቷ ተመለሰች፤ ልጅቷን ቀን ቀን የባሏ እናት ያዙላት። እሳቸውም እግሩን በየጠዋቱ ያሻሹታል፤ ያኔ ‹በኛ በኩል እንኳ› ብለው የተናገሯትን ቃል እንደሆነ ከነአካቴው ረስተዋታል።

ልጅቷ በዐሥራ አራት ወሯ አንድ ጠዋት ከአልጋ ጠርዝ ተላቃ አራት እርምጃ ሄደች። ያዩት እኚሁ አያቷ ብቻ ነበሩ። ስልክ ደወሉ። እናት ስፌት ቤት፣ የሃያ መኪና ጩኸት መሐል፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጣብቃ ሰማችና መኪናዋን አጠፋች። አጠገቧ የምትሰፋዋ ሴት ደንግጣ «ምን ሆንሽ?» አለቻት።

«ልጄ ሄደች» አለች።

«ውይ! ወዴት?»

«በእግሯ» አለችና ያልተጠናቀቀ የተማሪ ሸሚዝ ላይ ተደፍታ ማልቀስ ጀመረች። ጓደኞቿ መኪናቸውን እያቆሙ መጥተው ከበቧት፤ አንዷ ውሃ አመጣች፣ አንዷ አጨበጨበች። ደስታ ነው ብለው ነበር። በግማሹ ልክ ነበሩ።