የተቆጣጣሪዋ እናት

አንዳንድ ሰው ማታ ሥራውን ቢሮ ቆልፎበት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሷ ግን ሥራዋን ለብሳው የምትዞር ሴት ነበረች። ሰው ቤት ለጥየቃ ስትገባ እንኳ ዓይኗ የሚቀድመው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ነው፤ ወለሉ ያዳልጥ እንደሆነ፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ይኖር እንደሆነ። ምን ታድርግ፤ ጎልማሳነቷን ሙሉ የአረጋውያን መጦሪያዎችን ስትመዝን ነው የኖረችው። አንሶላ ገልጣ አይታለች፣ ድስት ከፍታ ቀምሳለች፣ ደወል ተጭና ሠራተኛ እስኪመጣ ሰዓቷን እያየች ቆማለች። መኪናዋ በር ላይ ስትቆም ከወንበሩ ተስፈንጥሮ የማይነሳ የመጦሪያ ኃላፊ የለም ይባላል። ይህ ሲነገራት ደስ ይላታል። ደስ እንዳላት ግን አታሳይም።

እናቷ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ የሚጦሩበትን ቤት የመረጠችው እሷ ናት። ሌላ ማን ይመርጣል? ታናሽ ወንድሟ እንደሆነ "ለኔ ሰፈሩ ቅርብ ከሆነ ይበቃኛል" ብሎ አርፎታል። እሷ ከመዘነቻቸው ሁሉ ትልቁን ነጥብ የሰጠችውን ቤት መረጠች። ዘመድ ያለበትን ቤት መቆጣጠር ስለማይፈቀድ የዚያን ቤት ነገር ለባልደረባዋ አስረከበች። ዓይኗን ግን የሚረከባት አልተገኘም።

በሳምንት ሁለት ሦስቴ ትመጣለች። ዘበኛው መኪናዋን ከሩቅ ሲያይ ስልክ ያነሳል፤ እሷ ደረጃውን ወጥታ እስክትጨርስ ኮሪደሩ በሳሙና ሽታ ታጥኖ ይጠብቃታል። የእናቷ አንሶላ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። እናቷ መስኮቱ አጠገብ፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተቀምጠዋል።

"ደወሉ ይሠራል?" ትላለች ቦርሳዋን ሳታወርድ።

"ይሠራል።"

ትጫነዋለች። ጣቷን ሳታነሳ ወጣቷ ነርስ በሩ ላይ ናት።

"ይሄ ውሃ መቼ ነው የተቀየረው?"

"አሁን ነው፣ እትዬ።"

"አሁን የሚባል ሰዓት የለም። ስንት ሰዓት?"

ነርሷ ትንተባተባለች። እሷ ደግሞ አንዴ ከጀመረች አታቆምም። የአበባ ማስቀመጫው ቢሰበር እግር ይቆርጣል፣ ይነሳ። ሠራተኛ ነዋሪ አልጋ ላይ አይቀመጥም፣ ስንት ዓይነት ጀርም ይዞ እንደሚዞር ማን ያውቃል። ከሰው ማጀት የመጣ ዳቦ በቦርሳ አይገባም። አንድ ቀን እናቷ ጭን ላይ ግማሽ የታጠፈ ፎጣ አይታ ኃላፊዋን አስጠርታ ጉድ አፍልታለች፤ "ነዋሪ እዚህ የሚመጣው ሊጦር ነው ወይስ ሊያገለግል?" ብላ። ፎጣው ዳግመኛ በዚያ ክፍል አልታየም። ከሰዓት በኋላ ብቅ ይሉ የነበሩት የጎረቤት ክፍል ነዋሪም ቀሩ። እኚህ ጎረቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬም ኮሪደር ላይ ከመታጠፋቸው በፊት በሚዞሩበት በኩል እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ። ጋሼ ፍሬቻ ነው የሚሏቸው። እሷ ስለ ነጠላ ጫማቸው ንጽሕና አንድ ነገር ከተናገረች ወዲህ በእናቷ በር ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ሌላ በኩል ይዘረጋሉ።

ክፍሉ እንከን አጣ። እናቷ ግን እየከሱ ሄዱ።

መጀመሪያ ቀለበታቸው ላላ፣ ቀጥሎ የሹራባቸው ትከሻ ወረደ። ሐኪም መጣ፤ ልባቸውን አዳመጠ፣ ደም አስመረመረ፣ ምንም የለም አለ። "ምንም የለም" የሚለው ቃል እሷን እንደሚያነድዳት የሚያነድዳት ነገር የለም። ምግቡን ቀመሰችው፤ ጨው ልክ፣ ቅባት ልክ፣ ሙቀቱ ልክ። ታዲያ ሰሃኑ ለምን ሙሉውን ይመለሳል? ጥፋት መኖር አለበት። ሰው ዝም ብሎ አይሟሽሽም።

በዚህ ላይ ዱብ ዕዳው መጣ። በቅርቡ ሥራ የጀመረች አንዲት አስታማሚ፣ አዲስ ናትና ነገሩን ሳታውቅ፣ እናቷን እየሳቀች "እማማ፣ እቺ ማናት የመጣችው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

እናቷ ቀና ብለው አይተው፣ "ተቆጣጣሪዋ ናት" አሉ።

ክው አለች። ድካም ነው ብላ ተጽናንታ በሌላ ቀን ራሷ ጠየቀች፤ "እማዬ፣ እኔ ማነኝ?" መልሱ ያው ነው። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ አለቀሰች። እንባዋ ሲያልቅ ለወንድሟ ደወለች።

"እማዬ እየረሳችን ነው" አለችው።

"ኧረ ምን ሆነሽ እቴቴ፤ ትናንት ካርታ አጭበርብራ በላችኝ እኮ። እንደዚያ የሚያጭበረብር ሰው ነው የሚረሳው?"

"ካርታ? ማን ፈቅዶልህ ነው ካርታ ይዘህ የምትገባው?"

"ለካርታም ፈቃድ አለ እንዴ?"

"የት ተቀምጣችሁ ነው?"

"አልጋዋ ላይ" አለ፤ አንድ ነገር እየቆረጠመ ነበር፣ ለውዝ ሳይሆን አይቀርም። "እንዲያውም ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ነበር።"

ዘጋችበት። ይኼ ልጅ ገና ከመወለዱ ጨጓራዋን ሲልጥ ነው የኖረው። እሷ ለእናቷ እንቅልፍ ታጣለች፤ እሱ የእናቱ አልጋ ላይ ይተኛል። የሚታወቀው ደግሞ እሱ፣ የምትረሳዋ እሷ!

ውሳኔዋን ወሰነች። ቤቱ እናቷን አበላሽቶባታል፤ እንዴት እንዳበላሸ ማወቅ ቢያቅታትም አበላሽቷል። ከከተማው ዳር ሌላ መጦሪያ አግኝታ ቦታ አስያዘች። ያን ቀን የመጣችው እናቷን ይዛ ልትሄድ ነው።

ያን ቀን ደግሞ መኪናዋ ጋራዥ ነበረች። በታክሲ መጥታ ስትወርድ ትልቁን በር የጋዝ ሲሊንደር የጫነ መኪና ዘግቶታል፤ ዘበኛው ከሾፌሩ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው፤ ያለ መኪናዋ አላወቃትም። አጥሩን ዞረችና በጓሮ በኩል፣ ልብስ በሚሰጣበት ግቢ ገባች። እርጥብ አንሶላ ፊቷን ሁለቴ ከላሳት በኋላ ከልብስ እጥበቱ ክፍል ሳቅ ሰማች።

ቆመች። ያን ሳቅ ታውቀዋለች።

በሩ ገርበብ ብሏል። እናቷ የተገለበጠ የሳሙና ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ጸጉራቸው አልተበጠረም። ፊት ለፊታቸው የፎጣ ክምር፣ በግራቸው ልብስ አጣቢዋ፣ በቀኛቸው ጋሼ ፍሬቻ፤ ያቺ ወጣት ነርስ ደግሞ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተዘርፍጣ አፏ ዳቦ ሞልቷል። እናቷ ጡረታ እስኪወጡ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበሩ፤ ድምፃቸው የዚያን ጊዜውን ሆኗል።

"ማዕዘን ከማዕዘን! ምን አልኩ?"

"የኔ ማዕዘን እኮ ይሸሻል፣ ቲቸር" አሉ ጋሼ ፍሬቻ።

"እሱ አይሸሽም፤ እርስዎ ነዎት የሚያባርሩት።"

ሁሉም ሳቁ። እናቷ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው ጎረሱ፤ ደግመው ነከሩ። ሻዩ አገጫቸው ላይ ሲወርድ በፎጣ ጠረጉት፣ በታጠበው ፎጣ!

እንደ ልጃቸው ብትገባ ኖሮ ምን ነበረበት። እግሯ ደፉን ሲያልፍ ግን ዓይኗ ቀድሟት ወለሉን፣ የካውያውን የተላጠ ሽቦ፣ የጎደለውን መደገፊያ ለቅሞ ጨርሷል። አፏም ተከተለው።

"ወለሉ እርጥብ ነው" አለች።

ነርሷ ዳቦውን ሳታላምጥ ዋጠችና ብድግ አለች። አጣቢዋ ከእናቷ ጭን ላይ ፎጣውን ነጠቀች። ጋሼ ፍሬቻ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ግራ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩና ወደ ግራ ታጥፈው በጓሮው በር ወጡ። እናቷም ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ፎቶ እንደሚነሳ ሰው።

"አሁኑኑ ወደ ክፍላቸው እናስገባቸዋለን፣ እትዬ" አለች ነርሷ። "ዛሬ ብቻ ነው እንዲህ..."

"እማዬ" አለች እሷ፣ ነርሷን ሳታይ። "እኔ ነኝ። እኔን አታውቂኝም?"

"ያማጥኩሽ እኔ ነኝ የማላውቅሽ?"

"ታዲያ ለምንድን ነው ተቆጣጣሪ የምትዪኝ? አብጄልሽ እኮ ነበር! ሐኪም አስቸግሬ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ..."

"ልጄማ ስትመጣ እንዴት ዋልሽ ትለኛለች" አሉ እናቷ። "አንቺ ደወሉ ይሠራል ወይ ነው የምትዪኝ። እኔ ደወል ነኝ?"

"ለአንቺ ብዬ ነዋ! እኔ ባልቆም ኖሮ እነዚህ ሰዎች..."

"እነዚህ ሰዎች ካንቺ የተነሳ ክፍሌን ይሸሹታል። የገባ ሁሉ ተቆጥቶ ይወጣል፤ ማን ይግባ? ምግቡን በር ላይ አድርገው ይሮጣሉ። ለብቻዬ ደግሞ አልበላልኝ አለ፤ ምን ላድርግ። ተደብቄ እዚህ ስወርድ ነው ጉሮሮዬ የሚከፈተው። እሱንም አንቺ መጥተሽ የሄድሽ ሰሞን ፈርተው አያወርዱኝም።"

ቆሽቷ አረረ። ይኼ ነው ምስጋናው? እናታቸውን ጥለው ዓመት የማይመጡ ልጆች አሉ፤ እሷ በየሁለት ቀኑ እየተንከራተተች አንድ ቀን አመሰግናለሁ ተብላ አታውቅም። ወንድ ልጃቸው ለውዝ ይዞ መጥቶ ቢያንኮራፋ ይመረቃል።

"ጥሩ" አለች። "ሌላ ቤት አግኝቼልሻለሁ። ዛሬ ልወስድሽ ነው የመጣሁት። እዚያ ሁሉም ነገር አዲስ ነው።"

እናቷ የሹራባቸውን ትከሻ ወደ ላይ ሳቡ።

"እዚያስ ሊጠይቀኝ የሚመጣው ማነው?" አሉ። "አንቺው አይደለሽ?"

የቦርሳዋን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። 

"ውጪ" አሉ እናቷ።

"ምን?"

"ውጪና እንደገና ግቢ። እንደ ልጅ ሆነሽ ግቢ።"

ይህን ቃል ታውቀዋለች። እናቷ ተንደርድሮ ክፍል የገባ ተማሪ አይገርፉም፣ አይቆጡም፤ አስወጥተው እንደገና ያስገቡታል። ቤትም እንደዚያው ነበር። ልጅ እያለች ስንት ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ጥርሷን ነክሳለች!

ወጣች። ለምን እንደወጣች ራሷም አላወቀችም፤ እግሯ ነው የታዘዘው። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ በሥሯ ስንት ሰው የሚያዝ ሴት፣ ልብስ ማጠቢያ ደጃፍ ተገትራ! ሲሊንደር የተሸከመው ሰውዬ ሲያልፍ ከላይ እስከ ታች አያት። ታክሲ ፈልጋ ልትሄድ ቃጣት። ከዚያ ተመልሳ በሩን ገፋች፤ ገና ከመግባቷ ዓይኗ ካውያው ላይ ተተከለ።

"ውጪ" አሉ እናቷ።

"እማዬ፣ ሽቦው እኮ ተልጧል! ሰው ይገድላል!"

"እሱን በኋላ ለኃላፊዋ ትነግሪያታለሽ። ፍተሻሽ ሲያልቅ ትገቢያለሽ።"

ሁለተኛ ጊዜ ደጅ ስትቆም አልተናደደችም። ፈራች። ካሁን በኋላ መግባት ባይሆንላትስ? ሰው ፊት ቆሞ ከመፈተሽ ሌላ የምታውቀው አገባብ ቢጠፋባትስ? እናቷ ከዚያ ሣጥን ላይ ተነሥተው ወደዚያ እንከን የለሽ ክፍል ይመለሳሉ፤ ሰሃኑም ሙሉውን ይመለሳል፤ ቀለበቱም አንድ ቀን ከጣታቸው ይወልቃል። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ደጁ ላይ፣ መሬት ላይ፣ አስቀመጠችው። በሩን አንኳኳች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች። "እንዴት ዋልሽ፣ እማዬ?"

እናቷ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት፤ ምዘና ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ ግድግዳ ተደግፈው ወደ ቆሙት ወደ ነርሷና ወደ አጣቢዋ ዘወር አሉ።

"ምን ትገተራላችሁ? ተቀመጡ እንጂ" አሉ። "ልጄ ናት።"

ነርሷ አመነታች፤ ከዚያ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጓሮው በር አንድ እጅ ተዘርግቶ ወደ ውስጥ አሳየ፤ ጋሼ ፍሬቻ ተከትለውት ገቡ። አጣቢዋ ሌላ ሣጥን ገልብጣ በእግሯ ገፋችላት። እናቷ አንድ ፎጣ ጭኗ ላይ ጣሉባት።

"ማዕዘን ከማዕዘን" አሉ፣ ሻያቸውን እያነሱ።

ተቀመጠች። ሣጥኑ ውሃ ጠጥቶ ነበር፤ እርጥበቱ ቀሚሷን አልፎ ተሰማት። የፎጣውን ማዕዘን ፈለገች።